ሦስተኛዋ ማድረቂያ ውስጥ ሰው ነበር

ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ሌሊት ኮቴ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ቦርሳዬን አንስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፤ ይሄን የምላችሁ ወሬዬን ለማሳመር አይደለም፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ። ጎረቤቴ የነበረ አንድ ሰውዬ መኪናዬ ታቃስታለች፣ የሆነ ነገር ሰፍሮባታል ብሎ በርካሽ ሊሸጣት ሲል፣ ኮፈኗን ከፍቼ የላላውን ቺንጋ በጣቴ አሳየሁት፣ ታዲያ ሰውዬው አመሰግናለሁ በማለት ፈንታ አኮረፈኝ፣ ሰይጣኑን ቀምቼው ነዋ! አብራኝ የምትሠራው አስቴርም ያው ናት፣ እወዳታለሁ፣ ግን ማሽን በቆመ ቁጥር እጇን ጭና "በኢየሱስ ስም ተነሽ!" ትላለች፣ ፊውዙን የምቀይረው እኔ፣ እሑድ ቸርች ሄዳ ምስክርነት የምትሰጠው እሷ። ይሄን የምነግራችሁ እንግዲህ እንዲህ ዓይነቷ ሴት ነኝ። ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ፣ እኔም በሰው ስስቅ ነው የኖርኩት።

የምሠራው ኦክላንድ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የማድረቂያዎቹ ሊድ፣ ማለትም ኃላፊ፣ እኔ ነኝ። ማድረቂያ ስላችሁ ቤታችሁ ያለችውን እንዳታስቡ፣ የእያንዳንዷ ሆድ ሰው ጎንበስ ብሎ ገብቶ የሚቆምበት ነው፣ ስትዞር ደግሞ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል። አገር ቤት ኤሌክትሪክ ተምሬአለሁ፣ እና የነዚህን ማሽኖች ጠባይ ከልጄ ጠባይ በተሻለ አውቃለሁ፣ ልጄማ የምጠይቃትን በእንግሊዝኛ እየመለሰች ግራ ታጋባኛለች።

አንድ ቀን ብራያን የሚባለው ማናጀራችን፣ ፂሙ ገና በወጉ ያልበቀለ ልጅ፣ ከሳን ሆሴ የኮምፒውተር ኩባንያ ሰዎች ይዞልን መጣ። ቁምጣና ስኒከር የለበሱ፣ ፈገግታቸው የማይጠፋ። ሰብስበው መነጽር አደሉን። "ከእንግዲህ እጃችሁ ነፃ ይሆናል" አሉን። እኔ የምሠራው በእጄ ነው፣ ነፃ ወጥቶ ምን ሊያደርግልኝ ነው? ልዝፈንበት? ብቻ ወሰድን። ቀኝ ዓይናችሁ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ስክሪን አለች፣ ማሽኗን ስታዩ አረንጓዴ ጽሑፍ ከላይዋ ይንሳፈፋል፣ ስንት ደቂቃ እንደቀራት፣ ምን እንዳመማት ይነግራችኋል፣ ጆሯችሁ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴትዮ በተለሳለሰ እንግሊዝኛ ትጠይቃችኋለች፣ እናንተም የስ ወይም ኖ ትሏታላችሁ፣ በቃ። እትዬ መነጽር ብዬ ስም አወጣሁላት። እኔ ሳላያት የማውቀውን መልሳ ለኔ የምታነበንብ ሴትዮ ናት፣ እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ገንዘብ ማባከኛ አይቼ አላውቅም።

የባሰው ግን የጓጉንቸሩ ነገር ነው። ድሮ ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው መብራቱን አጥፍቶ፣ ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ነበር የሚገባው፣ ስለዚህ እሱ ሳይወጣ ፕሬዚዳንቱም ቢመጣ ማሽኗን አያስነሳትም። ብራያን ጓጉንቸሮቻችንን ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ከተታቸው። "ይሄ ኦልድ ስኩል ነው ጸዳለ፣ አሁን ሲስተሙ ይጠብቃችኋል" አለኝ። የቆመች ማሽን የምትነሳው እትዬ መነጽር ሊዷን፣ ማለትም እኔን፣ "ውስጧ ባዶ ነው?" ብላ ጠይቃኝ የስ ስላት ብቻ ነው፤ ዝም ካልኳት ዝም ብላ ትጠብቃለች። "ብረትን በወሬ ለወጥከው?" አልኩት። ሳቀ፣ የቀለድኩ መስሎት።

ጋሽ ሀብቴን ላስተዋውቃችሁ። የአስመራ ሰው ናቸው፣ አማርኛቸው ከኔ የጠራ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ እዚህ ቤት ስገባ እጄን ይዘው ሥራ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፣ ልጄ እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። እሳቸውና መነጽሩ ሊግባቡ አልቻሉም። ለምን መሰላችሁ፣ እኛ እሺ ስንል፣ አዎ ስንል፣ እየሰማሁህ ነው ስንል፣ ቃል አናወጣም፣ ትንፋሻችንን ሽው አድርገን ወደ ውስጥ እንስባታለን፣ ታውቋታላችሁ፣ አሁን እያነበባችሁም ሳታደርጓት አትቀሩም። እኔ ምሳ ስወጣ ቦታዬን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው፣ ያኔ እትዬ መነጽር "ውስጧ ባዶ ነው?" ትላቸዋለች፣ ጋሽ ሀብቴ በትህትና ትንፋሻቸውን ይስባሉ፣ እሷ ትጠብቃለች፣ እሳቸውም መልሻለሁ ብለው ይጠብቃሉ፣ ሁለቱ እንዲህ ተፋጠው ቆመው ሥራው ይቆማል። ብራያን አንድ ቀን ወደ ጎን ወሰደኝና "ሽማግሌው አስም አለባቸው?" አለኝ። አስም! ከመነጽሩ ጋር የመጣውን ልጅ "ይቺን ትንፋሽ ልታስተምራት ትችላለህ?" ብዬ ጠይቄው ነበር፣ አይቻልም አለኝ፣ የምታውቀው ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ነው፣ ሌላውን ድምፅ ሁሉ እንደ ማሽን ጩኸት ቆጥራ ትጥለዋለች አለኝ። ይቺን ያዙልኝ።

የታንክስጊቪንግ ቀን ነው፣ የፈረንጆቹ የምስጋና በዓል፣ ቀን ስላችሁ ረፋድ ላይ፣ ፀሐዩ በጣሪያው መስታወት ቁልቁል እየወረደ፣ የሰይጣን ወሬ የሚወራበት ሰዓት አይደለም። ሠራተኛው ሁሉ ቀርቷል። የነበርነው እኔ፣ ጋሽ ሀብቴና ፎቁ ላይ ባለችው የመስታወት ቢሮው ኳስ የሚያየው ብራያን ብቻ ነን። የመጨረሻዎቹን አንሶላዎች ጨርሰን ልንሄድ ስንል ሦስተኛዋ ማድረቂያ ቆመች።

"ልጄ፣ አንሶላ ጠምጥማለች፣ ገብቼ ልፍታው" አሉኝ ጋሽ ሀብቴ።

"እኔ ልግባ፣ ወገብዎን ያምዎት የለ እንዴ?"

"ወገቤን ተዪውና ያቺን ማጠፊያ ጨርሺ፣ ቤታችን እንግባ። ብቻ ያቺ ሴትዮሽ እንዳታስነሳብኝ።"

"እኔ እያለሁ? አፌን ካልከፈትኩ አትነሳም" አልኳቸው።

ጫማቸውን አወለቁ። የታጠበ ልብስ ላይ በጫማ አይቆሙም፣ በሩ ሥር ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው አስተካክለው አስቀምጠው፣ በካልሲያቸው ጎንበስ ብለው ገቡ። የፋብሪካው መነጽር ዓይናቸው ላይ አልነበረም፣ የማንበቢያ መነጽራቸው ላይ አልቀመጥ እያለ ስለሚያናድዳቸው ጠዋቱኑ ቻርጀሩ ላይ ትተውታል።

እኔ ወደ አዳራሹ ሌላ ጫፍ ሄድኩ፣ የአንሶላ ማጠፊያው ማሽን እዚያ ነው፣ በመሃላችን የፎጣ ጋሪ ተደርድሮ ማድረቂያዎቹ አይታዩም። ስሠራ ለብቻዬ ማውራት ልማዴ ነው፣ በአማርኛ፣ ስድብ በስድብ። "ይሄ ልጅ በበዓል ቀን ሰው ጠርቶ እሱ ኳስ ያያል፣ አያፍርም?" አልኩ።

ጆሮዬ ውስጥ አንድ ሰው ትንፋሹን ሳበ።

ጋሽ ሀብቴ ከኋላዬ የመጡ መሰለኝ፣ ዞርኩ፣ ማንም የለም። የራሴ ነው ብዬ ቀጠልኩ። "ደሞ የቱርክ ዶሮ ነው የሚሰጠን፣ ደረቅ ሥጋ፣ ማን ይበላለታል?" አልኩ። ያቺው ትንፋሽ። አጭር፣ ለስላሳ፣ ልክ ሰው ጨዋታ እያዳመጠ እንደሚላት። አሁን ቆምኩ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ፣ የኔ አለመሆኑን ላረጋግጥ። "እዚያ ነህ?" አልኩ በአማርኛ፣ እጄ አፌ ላይ እንዳለ። ሳበ።

ፈራች ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ተናደድኩ። ከሳን ሆሴ አንዱ ሐበሻ ገብቶ የሚቀልድብኝ ነው የመሰለኝ። ብራያን ነው እንዳልል፣ ፈረንጅ እንጀራ መጉረስ ይለምዳል፣ ጎበዝ ከሆነ አማርኛም ይማራል፣ ያቺን ትንፋሽ ግን አይችላትም፣ ሲሞክራት የሰመጠ ሰው ይመስላል። የጋሽ ሀብቴም አይደለም፣ ቻርጀሩ ከቆምኩበት ይታየኛል፣ የሁላችንም መነጽር አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ተደርድሯል፣ የጎደለው ዓይኔ ላይ ያለው ብቻ ነው።

"ስማ አንተ፣ ሳን ሆሴ ነህ?" አልኩ።

ዝም።

"እዚሁ ነህ?"

ሳበ።

"ሐበሻ ነህ?"

ሳበ።

"ሰው ነህ?"

ዝም አለ። የማጠፊያው ማሽን ብቻ ቀስ እያለ ይጮሃል። አያችሁ፣ እሺ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አይደለም ማለት ሲፈልግ ዝም ይላል፣ የተግባባነው እንደዚያ ነው፣ እና ያ ዝምታ ከትንፋሹ ይልቅ ደስ አላለኝም። አሁንም ግን ስድቤን አልተውኩም፣ ምን አባክ ፈልገህ ነው፣ ሥራ አስፈታኸኝ እኮ አልኩት። ይሄኔ ዓይኔ ጥግ ላይ አረንጓዴው ጽሑፍ መጣ፣ እትዬ መነጽር በተለሳለሰው እንግሊዝኛዋ "ሦስተኛዋ ማድረቂያ ቆማለች፣ ውስጧ ባዶ ነው?" አለች። ዝም አልኳት፣ እንደ ደንቡ።

ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም፣ ምላሴ ቀደመኝ። "ጋሽ ሀብቴ ወጡ እንዴ?" አልኩ።

ዝም።

"አሁንም ውስጥ ናቸው?"

ሳበ።

"አንተ ልታስነሳት ነው?"

ሳበ። ይቺኛዋ ረዘም አለች።

ሮጥኩ። የፎጣውን ጋሪ ገፍቼ፣ ጎኔን መትቶኝ፣ "ጋሽ ሀብቴ ውጡ! ውጡ!" እያልኩ፣ ዕድሜዬን ረስቼ ሮጥኩ። ሴትዮዋ ጆሮዬ ውስጥ እንደገና "ውስጧ ባዶ ነው?" አለች፣ እና ያ ነገር፣ በእግዚአብሔር እምላለሁ፣ በቀስታ ትንፋሹን ሳበላት። ስንት ወር ሙሉ ያን ሽማግሌ ያንገላታችበትን፣ የማሽን ጩኸት ነው ብላ የምትጥለውን ትንፋሽ፣ "አመሰግናለሁ፣ አሁን ይጀምራል" ብላ ተቀበለችው።

ስደርስ በሩ በራሱ ወርዶ እየተዘጋ ነው። ጫማቸው ሥሩ ነው፣ አንዱ ጫማ በሩ ነክቶት ተገልብጧል። ቀዩን ማቆሚያ በቡጢዬ መታሁት፣ እጄ እስኪያብጥ ድረስ መታሁት፣ ማሽኗ ግን አንድ ጊዜ ዞራ ነበር፣ ከፍ አድርጋ ስትጥላቸው ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ እሱን ድምፅ ለናንተ አልነግራችሁም። በሩን ከፍቼ ሳይ በአንሶላው ተጠቅልለው ጥግ ላይ ናቸው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። "ጋሽ ሀብቴ! ጋሽዬ!" ስል ዓይናቸውን ገለጡ። ትከሻቸው ተሰብሯል፣ ጭንቅላታቸው ግን ተርፏል፣ ሊፈቱት የገቡት አንሶላ ነው የያዘላቸው። ብራያን ከፎቅ እየወረደ "ዋት ሃፕንድ?" ይላል። ምን ተፈጠረ? በአማርኛ መለስኩለት፣ ምን እንዳልኩት አልጽፈውም።

መነጽሩ የምንናገረውን ሁሉ እንደሚቀዳ አላውቅም ነበር፣ ማን ይነግረናል? ጋሽ ሀብቴ ከሆስፒታል ወጥተው እጃቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲመጡ፣ ብራያን ሁለታችንን ቢሮው አስቀምጦ ቅጂውን ከፈተው። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ አሁን ያ ባለጌ ይሰማል፣ ይያዛል ብዬ ወንበሬን ሳብኩ።

የኔ ድምፅ መጣ፣ ስለ ቱርኩ ስሳደብ። ከዚያ ዝምታ። "እዚያ ነህ?" ዝምታ። "ሐበሻ ነህ?" ዝምታ። አንድም ትንፋሽ የለበትም፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ለብቻዋ የምትለፈልፍ አሮጊት ብቻ ናት ያለችው፣ ፊቴ ጋለ። ከዚያ ሩጫዬ መጣ፣ የጋሪው ኳኳታ፣ ጩኸቴ፣ ማለክለኬ። ሴትዮዋ "ውስጧ ባዶ ነው?" ስትል ይሰማል።

እና እኔ "የስ" አልኩ።

የኔ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ነው ብል ውሸታም ያድርገኝ፣ መጨረሻዋን "ስ" የምጎትታት፣ ልጄ ሁልጊዜ የምታሾፍባት የኔዋ የስ ናት። ብራያን አቆመውና አየኝ፣ ቆጣም አላለ፣ ያዘነልኝ መሰለ፣ ያ ደሞ አናቴ ላይ ወጣ።

"መልሰው! መልሰህ አሰማኝ!" አልኩት። መለሰው። "አትሰማም እንዴ? እየሮጥኩ እኮ ነው! እያለከለክሁ ነው! የስ የምትለው ሴትዮ ግን አታለከልክም፣ ወንበር ላይ ቁጭ ያለች ናት፣ ማለክለኬና ቃሉ በአንድ ላይ ነው የሚሰማው፣ ሰው በአንድ አፍ ሁለቱን እንዴት ያደርጋል?"

"ጸዳለ፣ ያንቺ ድምፅ ነው" አለኝ ብራያን። ደንግጠሽ ነው፣ ማንም ሰው ይሳሳታል፣ ምናምን ምናምን። ደንቆሮ! ጆሮ ላይ ማሽን ሲሰኩ ይኖራሉ እንጂ ጆሮ የላቸውም።

ወደ ጋሽ ሀብቴ ዞርኩ። "ጋሽዬ፣ እርስዎ እንኳን ይስሙ፣ ማለክለኬ ይሰማዎታል አይደል?"

"ሰምቻለሁ ልጄ" አሉኝ።

"እኔ አይደለሁማ!"

"አንቺ ነሽ አላልኩም" አሉ፣ ጤነኛ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርገው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ብራያን አማርኛ የሚሰማ ይመስል። "ካንቺ ጋር ነው እንጂ።"

ሳቅኩባቸው። ምን ላድርግ፣ ዕድሜ ልኬን በእንዲህ ያለ ወሬ ስስቅ ኖሬ፣ አሁን እኔው ላይ ሲመጣ በምን አንጀቴ ልቀበለው? እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከሳን ሆሴ መጥተው መነጽሮቹን ሰብስበው ወሰዱ፣ አፕዴት ይደረጋል አሉን፣ ተመልሰው አልመጡም። ጓጉንቸሮቻችን ተመለሱልን፣ ብራያን ይቅርታ የምትባለዋን ቃል አልተነፈሳትም። ጋሽ ሀብቴ ትከሻቸው ሲድን ሥራ ገቡ፣ ሰላምታቸው ያው ነው፣ ልጄ ይሉኛል፣ ከግቢያቸው ብርቱካን ያመጡልኛል፣ በኔ ላይ ቂም የላቸውም፣ ቢኖራቸው ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ግን ማሽን አንሶላ ጠምጥማ ቆመች። ጋሽ ሀብቴ ማብሪያውን አጠፉ፣ ጓጉንቸራቸውን ቆለፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆመው አልገባ አሉ። እኔ አጠገባቸው ነኝ።

"ቁልፉ ኪስዎ ነው እኮ ጋሽ ሀብቴ፣ ማንም አያስነሳትም፣ እኔ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። ካልሲያቸውን አዩ። "አንቺ ግን እስክወጣ ድረስ ፎቅ ውጪልኝ፣ ልጄ።"

በየትኛው አፌ እምቢ ልበል? ወጣሁ። አሁን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም፣ እሳቸው ሊገቡ ሲሉ ቀና ብለው ያዩኛል፣ እኔም ሥራዬን ትቼ ደረጃውን እወጣለሁ። የብራያን ቢሮ መስታወት ጋ ቆሜ ቁልቁል ጫማቸውን አያለሁ፣ እግራቸው ከማሽኗ ወጥቶ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ሁለት እጄን አፌ ላይ ጭኜ።